ምስማር ላይ የቀረው ቆርቆሮ

ሰኞ 3

ደብተሩን የሰጠችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። «አባት፣ በየቀኑ ያደረጉትን ይጻፉ፤ ለማስታወስ ይረዳዎታል» አለችኝ። ልጄ ከጎኔ ቆሞ እንደ ሕፃን ራሴን እስክነቀንቅ ይጠብቃል። ምድጃውን ሳላጠፋ የወጣሁት አንድ ቀን ነው። እሺ፣ ሁለት ቀን። አርባ ዓመት የጡብ እቶን ያነደድኩ ሰው ነኝ፤ ስለ እሳት የሚያስተምረኝ መካኒክ ልጅ አልፈልግም።

የረሳሁት ነገር የለም። የዛሬው ይኸው ነው። የረሳሁት ነገር የለም።

ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟቿ ባለቤቴ ናት፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ። ስለዚህ እጄ ይዘገያል። የሚያነብ ካለ ይታገሥ፤ ካልታገሠም የራሱ ጉዳይ።

ማክሰኞ 4

ፎቶዋ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ የለም። የነበረበት ቦታ ነጥቶ ቀርቷል።

«የእናትህ ፎቶ የት ሄደ?»

«መስታወቱ ተሰነጠቀ» አለ፣ ፊቴን ሳያይ።

አልተሰነጠቀም። ምራቴ ልብስ በምትሰፋበት ክፍል፣ የጨርቅ ቁልል ሥር፣ በፊቱ ተደፍቶ አገኘሁት። ደህና ነው። አልነካሁትም፤ እንዳየሁ እንዳያውቁብኝ።

ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። መቃብሯ ላይ እስካሁን ድንጋይ የለም። «እናስቀምጣለን» ይላል። ሰባት ወር ሙሉ እናስቀምጣለን።

ቅዳሜ 8

ብቻዬን ቤት መዋል ተከልክያለሁ። እኔ! ምራቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሄድበት ቦታ አለ፤ እንደ ዘንቢል አንጠልጥላ ወሰደችኝ።

ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለች ክፍል ናት። ፀጉር ሠሪዋ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ትዘጋና ወደ ላይ ትወጣለች። ሰዎቹ ምንጣፍ ላይ ይጋደማሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እሷ በለሆሳስ «ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከመወለዳችሁ በፊት፤ ደረጃውን ውረዱ» ትላለች። ከዚያ አንድ በአንድ ይነሡና ድሮ ሌላ ሰው ሆነው የኖሩትን ሕይወት ያወራሉ። ድሮ ማለት ከመሞታቸው በፊት። ማለት ካሁኑ በፊት ከሞቱት። እኔ ምን አውቄ።

አሥራ አራት ሰው ነበር። ሦስቱ ንግሥት ነበሩ። ሁለቱ የጦር አዛዥ። ጎማ ጠጋኙ የቤተ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ካሥራ አራት ሰው አንድ ጡብ ተሸካሚ የለም? ታዲያ ቤተ መንግሥቱን ማን ሠራላችሁ?»

ምራቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ሳቀች። «እርስዎስ አባቴ፣ ማን ነበሩ?»

«ማንም።»

«ማንም ያልነበረ ሰው የለም። ስምዎን ብቻ ይፈልጉት፤ ይመጣል።»

ወንበሩን ገፍቼ ወጣሁ። ደረጃውን ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ነው።

ስንመለስ ምራቴን ሰደብኳት። ንግሥት ነኝ ብለሽ ነው የባልሽን ሸሚዝ ሳትተኩሺ የምትውዪው፣ አልኳት። አልተቆጣችም። «አባባ፣ እኔ ምንም አይታየኝም እኮ። ከስፌት መኪናው ርቄ አንድ ሰዓት የምጋደምበት ሌላ ቦታ የለኝም» አለች።

እንዲህ ያለ መልስ ደሜን ያፈላዋል። ተሰድቦ መልሶ የማይሳደብ ሰው አልወድም።

ሰኞ 10

ትናንት ልጄ በግቢው ውስጥ አሮጌዋ ፒክአፕ ሥር ተኝቶ ብሎን ይፈታል። ምራቴ ቁልፍ ታቀብለዋለች። እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ። ጆሮዬ የደከመ ይመስላቸዋል፤ እኔም እንዲመስላቸው እተዋቸዋለሁ።

«ድንጋዩን አስቀምጥላት እንጂ። ሰው ምን ይላል?» አለችው።

«ምን ብዬ ላስጽፍበት? ‹ለባሏ ታማኝ የነበረች›? አሥራ ሦስት ቁጥሩን አቀብይኝ።»

«ትኩሳት ነበረባት።»

«ሦስት ጊዜ! እጄን ይዛ፣ የማላውቀውን ወንድ ሦስት ጊዜ ጠርታ ሞተች። በትኩሳት ሰው ስም ይፈጥራል? አባዬን እኮ አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ‹አንተ›፣ ‹የልጄ አባት›። አንቺ ሰምተሻል? እኔ አክብራው ይመስለኝ ነበር።»

«ስለ እናትህ ነው የምታወራው።»

«አውቃለሁ። አሥራ ሦስት ነው ያልኩሽ፣ ይሄ አሥራ አራት ነው።»

ሻይ ላፈላ ሄድኩ። አፈላሁ። ምድጃውን አጠፋሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት፣ ጠፍቷል። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ረቡዕ 12

ደብተሩን ፍራሼ ሥር ነው የምደብቀው። ስለዚህ ልጻፈው።

የጠራችው እኔን ነው። ሌላ ወንድ የለም። የሌላ ወንድ የሆነው እኔ የምጠራበት ስም ነው።

ተጻፈ። ምንም አልሆነም። ዶሮዎቹ እንኳ ቀና አላሉም።

ዓርብ 14

ዝናብ ነው። የስፌት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ማንም ወደዚህ ክፍል አይመጣም፣ ስለዚህ ከሥሩ ልናገር።

የጡብ እቶን ከነደደ በኋላ ሳይበርድ ሰው ገብቶ ጡቡን ያወጣል። ጣሪያው ቅስት ነው፤ አንዳንዴ ይናዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር የተመታባት ቆርቆሮ አለችው። ሲገባ እቶኑ አፍ ላይ ካለ ምስማር ያንጠለጥላታል፤ ሲወጣ ያነሣታል። ምስማር ላይ ቆርቆሮ ካለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው።

እኔ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ጓደኛዬ ቋሚ ነበር። ረጅሙ እንለው ነበር፤ ዘመድ አልነበረውም፣ ሳቁ ግን እቶኑን ይሞላ ነበር። አንድ ቀን ተራዬን ገብቶ እንዲሠራልኝ ለመንኩት። የመጋዘኑ ዘበኛ ልጅ፣ ኋላ ባለቤቴ የሆነችው፣ ወንዝ ዳር ትጠብቀኛለች። «ሂድ፣ አንተ ሴት ያየህ ቀን ሥራ አይሆንልህም» አለኝ። ሥራው ለኔ እንዲቆጠር የኔን ቆርቆሮ ሰጠሁት። የሱን ኪሴ ከተትኩ።

ስመለስ ጣሪያው ወርዷል። ምስማሩ ላይ የኔ ቁጥር ተንጠልጥሏል።

ፊቱን መለየት የሚቻል አልነበረም።

በማግስቱ እቶኑ ተዘጋና እኛን ወደ ሌሎች እቶኖች ሊበትኑን ከዋናው ቢሮ አንድ ጸሐፊ መጣ። አንዳችንንም አያውቅም። ስም ዝርዝር ይዞ መጥራት ጀመረ። የኔን ስም ዘለለው፤ ሰርዞታል። የሱን ጠራ። ማንም አልመለሰም። ደግሞ ጠራ። ቋሚ ሠራተኛ መኖሪያ ክፍል ይሰጠዋል። ቋሚ ሠራተኛ ሆነህ ና ብሎኛል የልጅቷ አባት። ቆርቆሮው ኪሴ ውስጥ ነው።

እጄን አወጣሁ። ሁለት ሦስት የሚያውቁኝ ልጆች ነበሩ። አዩኝ፤ መሬት መሬት አዩ። ይሁንለት ብለው ነው።

ስህተቱ የጸሐፊው ነው። መጀመሪያ ፊት አይቶ መጻፍ ነበረበት።

ለእናቴ አስከሬኑን የኔ ነው ብለው በታሸገ ሳጥን፣ በጭነት መኪና ላኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ በሕይወት አለሁ እላታለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈረቃ ሆነ። ከዚያ ሠርግ ሆነ። ከዚያ ወሩ ብዙ ሆነና ምን ፊት ይዤ።

ባለቤቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። በየዓመቱ «ሂድና ለእናትህ ታይ» ትለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለችኝ። ከዚያ እናቴ መሞቷን ከመንገደኛ ሰማንና ማለቷን ተወች። በሟቹ ስም ጠርታኝ አታውቅም። በራሴም እንዳትጠራኝ እኔ ከለከልኳት። ምን ቀራት? «አንተ»።

እጄ ደክሟል። ስህተቱ የጸሐፊው ነው።

ሰኞ 17

ምራቴ ምሳ አቀረበችልኝና ቁጭ አለች። ሰው ሲበላ ፊት ለፊት መቀመጥ ምን የሚሉት ነው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እማማ ያን ስም ስትጠራ ዓይኗ ወደ በሩ ነበር። በሩ ጋ ደግሞ እርስዎ ነበሩ።»

«ስፌትሽን ስፊ።»

«ብርጭቆ ይዘው ነበር። ውሃው ሲፈስ አይቻለሁ።»

«ስፊ አልኩሽ!»

ሳህኑን አንሥታ ሄደች። ሳልጨርስ።

ያልጻፍኩት አለ። እዚያ በር ላይ ቆሜ ስሜን ስሰማ፣ በመጀመሪያው የጎረቤት ሰው የሰማ መስሎኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። በሁለተኛው ቆምኩ። በሦስተኛው ልጄ ወደኔ ዞሮ «አባዬ፣ ማነው እሱ?» አለኝ። «አላውቀውም» አልኩ።

እሷም ሰማች። ጆሮዋ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር።

ሐሙስ 20

ከጠዋት ጀምሮ የእናቴን ስም ፈልጌ አጣሁት። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ አይመጣም። ፊቷ አለ። ነጠላ ጥርሷ አለ። ስሟ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልሲዬን ሳወልቅ ዝም ብሎ መጣ።

የእሷ እንዲህ ከጠፋ የኔስ?

ምድጃው ደግሞ በርቶ ነበር ይላሉ። እኔ አላበራሁትም።

ቅዳሜ 22

ዛሬ ራሴ ተነሥቼ «ወደ ፀጉር ሠሪዋ እንሂድ» አልኳት ምራቴን። መቀሷ ከእጇ ወደቀ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ቃሉ አልወጣ አለኝ። እዚያ ግን ሁሉም ያሻውን ያወራል፤ ማንም ማንንም አያፍርም። እዚያ አንዴ ካወጣሁት አፌ ይለምዳል።

አልተጋደምኩም። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ «ስሜ እንዲህ ነው» አልኩ። ስሜን ተናገርኩ። የእናቴን ስም ጨመርኩ። እቶኑን፣ ቆርቆሮውን፣ ጸሐፊውን፣ ሳጥኑን። ላቤ እስከ ወገቤ ወረደ።

ጨረስኩ። ደህና፣ አሁን ይሰድቡኛል አልኩ። ተዘጋጅቼም ነበር።

አጨበጨቡ!

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አያችሁ? ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው። የተናደውን ጣሪያ እኮ አየሁት! አባቴ፣ ይኼ ወጣት እሳት ውስጥ ሞቶ ነው በእርስዎ የተመለሰው።»

«አልሞተም! እኔ ነኝ!»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት። እሱ ነው እርስዎ።»

«ሴትዮ፣ እኔ ሞቼ አላውቅም! አርባ ዘጠኝ ዓመት ዋሽቼ ነው!»

«ነፍስ መጀመሪያ እንዲህ ትታገላለች» አለች ለሌሎቹ። ጎማ ጠጋኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አሞኝ ነበር» አለኝ። ሐኪሙ!

ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት? ሊጨበጨብልኝ?

ምራቴ ብቻ አላጨበጨበችም። ግድግዳውን ተደግፋ አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘች። ልቀቂኝ አላልኳትም። ጠባብ ነው ደረጃው።

«ለእሱ ይንገሩት። ዛሬ ሳይሆን ነገ ጠዋት፣ ሳይደክመው» አለች።

እሑድ 23

ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፣ እሱ ተቀምጦ።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና «ስሙን ማን ነገረህ?» አለ።

«ስሜ ነው፣ ማን ይነግረኛል?»

«እሷ ነገረችህ» አለ ወደ ሚስቱ እያየ። «ወይ ያን ቀን ራስህ ሰምተሃል። አባዬ፣ ለእናቴ ብለህ እንደሆነ ተው። ክብሯን ልትሸፍን ብለህ ነው። ወይ ደግሞ ያቺ ፀጉር ሠሪ አዙራብሃለች። ነርሷም ነግራኛለች፤ የሌለ ነገር እንደነበረ ይታያቸዋል ብላኛለች።»

«ውሸታም ነኝ እያልክ ነው?»

«ታመሃል ነው ያልኩት።»

«አርባ ዘጠኝ ዓመት ስዋሽ አመንከኝ፤ ዛሬ እውነት ስናገር ታመምኩ?»

«ጸሐፊው ፊትህን ሳያይ፣ ጓደኞችህ ዝም ብለው፣ እናትህ ሳጥኑን ሳትከፍት፣ እንዴ!» ተነሣ። «እንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ እውነት ከሆነ የባሰ ነው» አለ። ወጥቶ ሄደ።

እንደኔ ነው ግትርነቱ። በዚህ እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ ይታያል። ይህን ልለው ተከትዬው ወጣሁ፤ መኪናዋ ሄዳለች።

ረቡዕ 26

እናቴ ቤት ታላቅ እህት ነበረችኝ። እሷ ካለች ታውቀኛለች። ካልኖረች ደግሞ የሚያውቀኝ የለም።

ውሰደኝ አልኩት። «አምስት ሰዓት መንገድ! ለዚህ ቅዠት?» አለ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፒክአፗ ውስጥ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ደብተሬም አብሮኝ ነው። ሥራ ሊሄድ መጣ። «ውረድ።» አልወርድም። «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው!» ይጠብቅ። መስኮቱን መታ። መስኮቱ የሱ ነው፤ ቢሰብረው የሚጎዳው እሱ ነው። በታክሲ ሄደ።

ምራቴ በመስኮቱ ክፍተት ዳቦና ውሃ አቀበለችኝ። «አባባ፣ ሽንት ቤት እንኳ አይወርዱም?» ስወርድ እሷ ቦታዬን እንድትጠብቅልኝ ተስማማን። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችልኝ። ሴትዮዋን ጠልቻት ነበር፤ አሁን ጊዜ የለኝም።

ሐሙስ 27

ሁለተኛ ቀን። አንገቴ ዞሮ አልመለስ አለ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየኛል። «ምን ሆነው ነው?» «መኪና እየተማርኩ ነው» እላለሁ።

ማታ ልጄ መጥቶ ከውጭ ቆመ። ብርድ ልብስ ይዟል። «ሄደን ሰው ከሌለ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አትናገርም። ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

«በማን ስም?» አለ። ፌዝ ነው። ግን ፊቱ አልሳቀም፤ የኔም።

ዓርብ 28

ይህን የምጽፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ከበር ውጭ። እንደሆነው ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ልጄ አምስት ሰዓት ሙሉ ነዳ። መንደሩ ተለውጧል። ድልድይ ሠርተዋል። የማውቀው ዛፍ የለም። ሱቅ ውስጥ ያለውን ሰው የአባቴን ስም ጠርቼ ቤቱን ብጠይቀው «አሮጊቷ? ሰማያዊው በር» አለ። አለች።

ልጄ አንኳኳ። ቆይቶ ተከፈተ። ትንሽ ሆናለች። በትር ይዛለች። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ሰው ይወጋል።

«ማን ልበል?»

«እትዬ» አልኩ። ስሜን ነገርኳት።

«ወንድሜን ራሴ ነኝ የቀበርኩት» አለች። በሩን ልትዘጋ እጇን ሰደደች፤ መሃል ላይ ቆመ። «እስቲ ደግመህ እትዬ በል።»

«እትዬ።»

በትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ቀስ ብላ ነው ያስደገፈችው፤ እንዳይወድቅ። ከዚያ በጥፊ መታችኝ። ያ እጅ ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ከዚያ በስሜ ጠራችኝ፤ እናቴ ብቻ ትለው በነበረው አጠራር፣ መጨረሻውን አሳጥራ። ያን አጠራር በዚህ ዓለም ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ልጄን አላየሁትም። ከኋላዬ ነበር። ትንፋሹን ግን ሰማሁት።

«እናቴ አሥራ አንድ ዓመት በየሳምንቱ እዚያ መቃብር ሄዳለች» አለች። «በዝናብ። ጉልበቷ እምቢ ሲላት እኔ አዝዬ። ማነው እዚያ ያለው?»

የጓደኛዬን ስም ነገርኳት። ያን አርባ ዘጠኝ ዓመት የለበስኩትን ስም።

«እናት አልነበረውም?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲህ አገኘ» አለች። «አንተ ግን አጣህ።»

ምን ይመለሳል? ስህተቱ የጸሐፊው ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። የጸሐፊው አይደለም።

ልጄን አየችው። ከእግሩ እስከ ፀጉሩ፣ ቀስ ብላ። «አንተ የሱ ልጅ ነህ። አገጭህ የአባታችን ነው። ና ግባ፣ ልጄ።» ክንዱን ይዛ አስገባችው። እኔ እግሬን ሳነሣ በትሯን አንሥታ ደፉ ላይ አጋደመችው። «አንተ እዚያው።»

በሩ ተዘጋ።

እዚሁ ነኝ። ፀሐዩ ወደ ጀርባዬ ዞሯል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ደህና ነው።

ልጄ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ ስሜን ተናገረ። የኔን። መጀመሪያ አጠራሩ ተበላሸበት፣ እሷ አረመችው፣ ደገመው።

«እናቴ ስትሞት የጠራችው እሱን ነው» አላት። «እኔ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ…» አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ሲያለቅስ በቀብሯ ቀን እንኳ አላየሁትም።

«እሱስ ያኔ የት ነበር?» አለች እህቴ።

«በሩ ጋ ቆሞ።»

«ዛሬም እዚያው ነው» አለች።

አልከፈቱልኝም። እኔም አልሄድኩም።